ስድስት ቨርዥን በአንድ ኩርባ፦ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር አስተማማኝነት እንዴት ይለካል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመከታተል ላይ እገኛለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድ የታወቀ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር የባግ፣ ማለትም የእንከን፣ መዝገብ አውርጄ፣ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ቨርዥን የተመዘገቡትን ባጎች በየሳምንቱ ደምሬ የቀረውን ባግ ብዛት በሚገምተው የጎኤል-ኦኩሞቶ ሞዴል ለመግለጽ ሞከርሁ። ኩርባው ለመጀመሪያው ቨርዥን ደኅና ሆኖ ሳለ ከዚያ ወዲህ ግን ከመረጃው ጋር አልገጥም አለኝ፤ ሞዴሉ የቀረው ባግ ጥቂት ነው ባለ ቁጥር አዲስ ቨርዥን ይወጣና ቁጥሩ እንደገና ያሻቅባል። አማካሪዬ ሌላ ሞዴል እንድሞክር ነግረውኛል። ችግሩ የሞዴሉ ነው ወይስ የእኔ? ደግሞስ በስድስተኛው ቨርዥን ላይ የተመዘገበው ባግ ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ አስተማማኝ ነው ብዬ መደምደም እችላለሁ? (ከባሕር ዳር የጻፈች አንባቢ)

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ ሞዴሉ አልተበላሸም፤ ያልተሠራለትን ሥራ ግን ሰጥተውታል። አምሪት ጎኤልና ካዙ ኦኩሞቶ በ1979 ያወጡት ሞዴል የሚነሣው ከጥቂት ግምቶች ነው። ፈተናው ሲጀመር በሶፍትዌሩ ውስጥ ውስን ብዛት ያላቸው እንከኖች አሉ፤ እንከን የሚገኝበት ፍጥነት ገና ካልተገኙት እንከኖች ብዛት ጋር የተመጣጠነ ነው፤ የተገኘው ወዲያውኑ ይታረማል፤ እርማቱም ሌላ እንከን አይወልድም። ምስር የሚለቅም ሰው ይህን ሞዴል ሳይማረው ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ እጁን በሰደደ ቁጥር ጠጠር ያገኛል፤ እየቆየ ሲሄድ ግን አንዲት ጠጠር ለማግኘት ሰፌዱን ደጋግሞ ማገላበጥ ይኖርበታል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔው ልስጥና፣ 120 እንከን ይዞ የተነሣ ሶፍትዌር እንከኖቹ በሳምንት በ0.1 ፍጥነት (በየሳምንቱ ከቀሩት አንድ አሥረኛ ያህሉ) የሚገኙበት ቢሆን፣ በ10ኛው ሳምንት መጨረሻ 76፣ በ20ኛው መጨረሻ 104 ያህል ተገኝተው 16 ይቀራሉ። በ21ኛው ሳምንት አንድም አዲስ እንከን ሳይታይ የማለፉ ዕድል በዚሁ ስሌት 21 በመቶ ግድም ነው። ሞዴሉ ሊመልስ የተሠራው ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ነው።

አዲስ ቨርዥን ሲወጣ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ለቀማው ሳያልቅ በዚያው ሰፌድ ላይ ያልተለቀመ ምስር ይጨመራል። በምሳሌያችን ከቀሩት 16 እንከኖች ጋር አዲስ የተጻፈው ኮድ 50 ይዞ ቢመጣ፣ ሁለተኛው ቨርዥን የሚነሣው ከ66 ነው፤ ከ16ም አይደለም፣ ከ50ም አይደለም። አንድ ኩርባ ለስድስቱም ቨርዥን ሲያበጁ ሞዴሉ ስለ 50ዎቹ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባሻቀበ ቁጥር ይሳሳታል። በአንጻሩ ለየቨርዥኑ ለየብቻው ኩርባ ማበጀትም 16ቱን ውርስ እንደሌሉ ይቆጥራል። በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፒ. ኬ. ካፑርና ባልደረቦቻቸው ያቀረቧቸው የባለ ብዙ ቨርዥን ሞዴሎች መሠረታዊ ሐሳብ ይኸው ነው፤ የእያንዳንዱ ቨርዥን መነሻ ከቀደመው የተረፈውና በአዲሱ የገባው ድምር ሆኖ ይጻፋል፣ የውርሱና የአዲሱ እንከን የመገኛ ፍጥነትም የተለያየ ሊሆን ይችላል። አማካሪዎ ሌላ ሞዴል እንዲሞክሩ የነገሩዎት ወደዚህ ሊመሩዎት ፈልገው ከሆነ ትክክል ናቸው። የኩርባውን ቅርጽ ብቻ እንዲቀይሩ ከሆነ ግን፣ የቱንም ያህል የተራቀቀ ኩርባ ቢመርጡ የምስሩን መጨመር አይነግርዎትም።

ይህን ከተቀበሉ በኋላ የሚገጥምዎት ጥያቄ ከሒሳቡ ይከብዳል። አንድ ባግ ውርስ ነው ወይስ አዲስ? በባግ መዝገቡ ላይ ቨርዥን የሚል ሣጥን አለ፤ እኔ ግን በዚህ ሣጥን ላይ ብዙም አልተማመንም። ባጉን የሚያስመዘግበው ሰው የሚሞላው ባጉ ያጋጠመውን ቨርዥን እንጂ ባጉ የተወለደበትን አይደለም፤ አንዳንዴም ሣጥኑ ሲከፈት ፊት ለፊቱ ያገኘውን መርጦ ያልፋል። ባግ በተገኘበትና በተወለደበት ቨርዥን መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ለማየት ሁለት የታወቁ ጉዳዮችን መመልከት ይበቃል። የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል 1.0.1 የወጣው በመጋቢት ወር 2012 ሲሆን፣ ሃርትብሊድ የተባለው እንከን የገባው በዚሁ ቨርዥን ከተጨመረው ሃርትቢት ከተባለ አዲስ አገልግሎት ጋር ነው። የታወቀውና በ1.0.1ጂ የታረመው ሚያዝያ 7 ቀን 2014 ነበር። ኮዱን ማንም ሊያነበው እየቻለ ሁለት ዓመት ያህል ተደብቆ ኖሯል፤ ብዙ ዐይን ካየው ባግ አይደበቅም የሚለው የክፍት ምንጭ ሰዎች አባባል ዐይኖቹ የትኛው ፋይል ላይ እንዳረፉ አይናገርም። የቆዩት የ0.9.8ና የ1.0.0 መስመሮች ግን እንከኑ ፈጽሞ አልነበረባቸውም፤ በዚህ ጉዳይ አሮጌውን ይዞ የቆየ ድኗል። ሼልሾክ የተባለው የባሽ (በሊነክስና በመሰሎቹ ላይ የተጠቃሚን ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም) እንከን ደግሞ የተገለጠው በመስከረም ወር 2014 ሆኖ ሳለ ኮዱ ውስጥ የገባው በ1989 ነው። ሁለቱም ባጎች በአንድ ዓመት ተመዝግበዋል፤ አንዱ የሁለት ዓመት፣ ሌላው የሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ አለው። በሳምንታዊ ድምርዎ ላይ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ባግ የልደት ቨርዥን ከኮዱ ታሪክ መፈለግ ይኖርብዎታል። ለዚህ የሚረዳው የታወቀ ስልት በ2005 የቀረበውና በሦስቱ ደራሲዎቹ ስም መነሻ ፊደላት ኤስዜድዜድ ተብሎ የሚጠራው ነው። እርማቱ የነካቸውን መስመሮች ይወስድና፣ እነዚያን መስመሮች ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈው ወይም የለወጠው ኮሚት (በአንድ ጊዜ የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) የቱ እንደሆነ የኮዱን ታሪክ በሚይዘው በጊት ወደ ኋላ ይፈልጋል። ይሳሳታል፤ በተለይ እርማቱ መስመር በመጨመር ብቻ የተሠራ ሲሆን ወደ ኋላ የሚፈለግ መስመር አያገኝም። የሊነክስ ከርነል በዚህ ረገድ ለተመራማሪ የተመቸ ነው፤ አራሚዎቹ በኮሚቱ መልእክት ላይ «ፊክስስ» ከሚለው ምልክት ቀጥለው እንከኑን ያመጣውን ኮሚት መለያ የመጻፍ ልማድ አላቸው። ምልክቱ በሁሉም እርማት ላይ አይገኝም፤ ባለበት ግን የባጉን ልደት ያረመው ሰው ራሱ ነግሮዎታል ማለት ነው። የመረጡት ሶፍትዌር እንዲህ ያለ ልማድ ከሌለው፣ የፕሮጀክት ለውጥ ማድረግ ጊዜ ካለዎት አያስቆጭም።

መረጃውን ከማጣራት አንጻር ሌላም አለ። በ2013 ኪም ሄርዚግ፣ ሳሻ ዩስትና አንድሬያስ ሴለር በአምስት ክፍት ምንጭ የጃቫ ፕሮጀክቶች ላይ የተመዘገቡ ከ7,000 በላይ ማመልከቻዎችን አንድ በአንድ በእጅ መርምረው፣ ባግ ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ 33.8 በመቶ ያህሉ ባግ እንዳልሆኑ አሳይተዋል። አዲስ አገልግሎት ይጨመርልን የሚል ጥያቄ፣ የሰነድ እርማት፣ የኮድ ማስተካከያ ሁሉ ባግ ተብሎ ይመዘገባል። እርስዎም ከመዝገብዎ ሁለት መቶ ያህል ማመልከቻ በዕጣ አውጥተው ቢያነቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፍዎ ውስጥ ከሚገባው ቀመር ሁሉ ይልቅ ስለ መረጃዎ የሚያውቁት በዚያ ይሆናል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ በእኔ ግምት ሦስት ቀን ይፈጃል።

አሁን ወደ ኩርባው ቅርጽ እንመለስ። ጎኤልና ኦኩሞቶ ያሰቡት ፈታኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ቀን የሚሠራ ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ግን በአብዛኛው የሚፈተነው በተጠቃሚው ነው፤ ተጠቃሚውም ቨርዥኑ በወጣ ዕለት በአንድነት አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞክሩት ጥቂት ደፋሮች ናቸው፤ ከዚያ የብዙኃኑ መምጣት ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ቀጣዩ ቨርዥን ይወጣና ሰዉ ጥሎት ይሄዳል። በዚህ የተነሣ የባጉ ድምር በዝግታ ይጀምርና መሐል ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያም ይተኛል። ሽገሩ ያማዳና ባልደረቦቻቸው በ1983 ያወጡት ባለ ኤስ ቅርጽ ሞዴል ለዚህ ይቀርባል። ነገር ግን ቅርጹ ገጠመ ማለት ምክንያቱ ተገኘ ማለት አይደለም። የተኛው ኩርባ እንከኑ ማለቁን ሊያሳይ ይችላል፤ ተጠቃሚው ማለቁንም ሊያሳይ ይችላል። የቤል ላብራቶሪው ጆን ሙሳ በ1975 ባቀረቡት ሞዴል ጊዜ መለካት ያለበት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ሶፍትዌሩ በእርግጥ በሠራባቸው የፕሮሰሰር ሰዓታት ነው ያሉት ይህን ዓይነቱን መደናገር ለማስቀረት ነው። በክፍት ምንጭ ዓለም ሰዓቱን የሚቆጥርልን ስለሌለ በምትክ መለኪያ መርካት ግድ ይላል፤ የዳውንሎድ ቁጥር አንዱ ነው፣ ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ስርጭት ተጠቃሚዎች በፈቃዳቸው የሚልኩት የጥቅል (የሶፍትዌር ፓኬጅ) አጠቃቀም ቆጠራም ሌላው ነው። ሁለቱም ጎደሎ ናቸው፤ ቢሆንም የቀን መቁጠሪያን ብቻ ከመያዝ ይሻላሉ።

ከዚህ በኋላ ስለ ስድስተኛው ቨርዥን ለጠየቁት መልስ መስጠት ይቀላል፤ መደምደም አይችሉም። ስድስተኛው ቨርዥን ትንሽ ባግ የተመዘገበበት ከሁሉም ወጣት ስለሆነ ነው። ኦፕንኤስኤስኤል 1.0.1ን በ2013 የቆጠረ ሰው ሃርትብሊድን አይቆጥርም ነበር፤ እንከኑ ግን በቦታው ነበር። ቨርዥኖችን ለማወዳደር ከፈለጉ ለሁሉም እኩል ዕድሜ ይስጧቸው፤ ለምሳሌ እያንዳንዱ ከወጣ በኋላ ባሉት 26 ሳምንታት የተመዘገበውን ብቻ ይቁጠሩ፣ 26 ሳምንት ያልሞላውን ከውድድሩ ያውጡ፣ የተገኘውንም ቁጥር በዚያ ቨርዥን ለተለወጠው የኮድ መጠን ያካፍሉ። ይህም ቢሆን የሚሠራው ፕሮጀክቱ የአወጣጥ ሥርዓቱን ካልለወጠ ነው። ፋየርፎክስን ያስታውሱ። እስከ 2011 ድረስ አንድ ዐቢይ ቨርዥን ከሌላው ብዙ ወራት ይርቅ ነበር፤ ፋየርፎክስ 4 በመጋቢት 2011 ከወጣ በኋላ በየስድስት ሳምንቱ፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በየአራት ሳምንቱ አዲስ ይወጣል። በአንድ ቨርዥን ላይ የሚመዘገበው ባግ ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ምን ይደንቃል? ቨርዥኑ ራሱ በአንድ ወር ውስጥ ይተካል። የአወጣጥ ሥርዓት በተለወጠበት ቦታ መረጃዎን ለሁለት ይክፈሉት እንጂ አንድ ሞዴል በላዩ አያሳልፉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ሌላው ደብዳቤ አልፋለሁ። የእንከን ብዛትና አስተማማኝነት አንድ አይደሉም። የአይቢኤሙ ኤድዋርድ አዳምስ በ1984 ባሳተሙት ጥናት የኩባንያውን ሶፍትዌሮች መርምረው፣ ከእንከኖቹ ሲሶ ያህሉ እያንዳንዳቸው በአንድ ተጠቃሚ ማሽን ላይ ብልሽት የሚያስከትሉት በአማካይ በ5,000 ዓመት አንዴ እንደሆነ አሳይተዋል፤ ተጠቃሚውን ዘወትር የሚያስቸግሩት ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ሁለተኛው ቨርዥን ከመጀመሪያው 40 እንከን አሳንሶ ቢገኝና ከሁሉ የሚያስቸግረው አንዱ ቢቀር፣ ለተጠቃሚው የተሻሻለለት ነገር የለም። በመዝገብዎ ላይ ያለውን የክብደት ደረጃ ቢያንስ በሁለት ከፍለው፣ ለከባዶቹ ለብቻቸው ኩርባ ያብጁላቸው። ሞዴልዎን ሲመዝኑም መግጠሙን ብቻ አይዩ፤ የድምር መረጃ ምንጊዜም ወደ ላይ ስለሚሄድ ወደ ላይ የሚሄድ ኩርባ ሁሉ ከሞላ ጎደል ይገጥመዋል፣ 0.98 የሚል የመግጠም መለኪያም (1 ፍጹም መግጠም ነው) በርካሽ ይገኛል። በአምስቱ ቨርዥኖች አሠልጥነው የስድስተኛውን የመጀመሪያ ሳምንታት እንዲተነብይ ያድርጉት፤ የተነበየውንና የሆነውን ጎን ለጎን ያቅርቡ። ሳይገጥም ቢቀር እንኳ ያልገጠመበትን ምክንያት መጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍዎን አያዋርደውም።

ጥያቄ፦ በአንድ ክልል የዲኤችአይኤስ 2 የጤና መረጃ ሰርቨር ከሚያስተዳድሩት ሠራተኞች አንዱ ነኝ። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስኪውኤል ነው። አለቃዬ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ቶሎ እንድናሻሽል ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል ባይ ነኝ። በሞዴል ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ካለ አስታርቁን። (ከሐዋሳ የጻፈ አንባቢ)

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ እርስዎም አለቃዎም በግማሽ ትክክል ናችሁ፤ ጠባችሁ ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ፖስትግሬስኪውኤል በዓመት አንድ ዐቢይ ቨርዥን ያወጣል፤ አዲስ አገልግሎትና አዲስ ኮድ የሚገባው በዚህ ነው። በየሦስት ወሩ ደግሞ ንኡስ ቨርዥን ይወጣል፤ ይህ የሚይዘው የእንከንና የደኅንነት እርማት ብቻ ነው። ከላይ ባለው የምስር ምሳሌ፣ ዐቢዩ ምስር ይጨምራል፣ ንኡሱ ጠጠር ይለቅማል። እያንዳንዱ ዐቢይ ቨርዥን ለአምስት ዓመት ስለሚደገፍ፣ የእርስዎ ጥንቃቄ በዐቢዩ ላይ ጊዜ አለው፤ የአለቃዎ ችኮላ በንኡሱ ላይ ምክንያት አለው።

ዐቢዩን መቆየት ለምን እንደሚበጅ 14ኛው ቨርዥን በደንብ ያሳያል። የወጣው መስከረም 30 ቀን 2021 ነው። ዳታቤዙ አገልግሎት እየሰጠ ሳለ ኢንዴክስ (ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) ለመሥራት በሚያገለግሉት ሁለት ትእዛዞች ሥራ ላይ ማቀላጠፊያ ተጨምሮበት ነበር፤ ይኸው ማቀላጠፊያ ኢንዴክሱ አንዳንድ ረድፎችን እንዲስት፣ ያውም አንዲት የስሕተት መልእክት ሳያሳይ እንዲስት አደረገ። እርማቱ የመጣው ከመደበኛው የጊዜ ሰሌዳ ውጭ ሰኔ 16 ቀን 2022 በወጣው 14.4 ሲሆን፣ የእርማቱ መንገድም ማቀላጠፊያውን መልሶ ማውጣት ነበር። ቨርዥን 13ን ይዞ የቆየ ይህን አላየም። ልብ ይበሉ፣ እንከኑ ስምንት ወር ከመንፈቅ ያህል የቆየው የፕሮጀክቱ ሰዎች ስለ ዘነጉ አይደለም፤ ኢንዴክሱ በሚሠራበት ደቂቃ በሰንጠረዡ ላይ የሚጽፍ ሥራ መኖሩን ይጠይቅ ስለነበር ነው። እንዲህ ያለውን እንከን የሚያወጣው የብዙ ሰርቨር የሥራ ጫና ነው፤ ወራትም ይፈጃል። ለዚህ ነው ለዐቢይ ቨርዥን ሁለት ሦስት ንኡስ ቨርዥን እስኪወጣለት መጠበቅ ፈሪነት የማይባለው።

ንኡሱም ቢሆን ከእንከን ነጻ ነው ማለት አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 2024 የወጣው 17.1 በውስጥ የመረጃ መዋቅር ላይ ባደረገው ለውጥ ምክንያት በቀደመው ቨርዥን የተዘጋጁ አንዳንድ ተቀጥላዎችን (ኤክስቴንሽኖችን) አሰናከለ፤ 17.2 ከሳምንት በኋላ ወጥቶ መለሰው። ፕሮግራሞች የሥራ መዝገባቸውን የሚጽፉበት የጃቫው ሎግፎርጄይም በታኅሣሥ ወር 2021 ብቻ 2.15.0፣ 2.16.0፣ 2.17.0ና 2.17.1 በተከታታይ ወጥተውበታል፤ የመጀመሪያው እርማት ጎዶሎ ስለነበር ቀጣዩን ጠራ፣ ቀጣዩም ሌላውን። እርማት እንከን አይወልድም የሚለው የ1979ኙ የጎኤልና ኦኩሞቶ ግምት የሚፈርሰው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሆኖም ሂሳቡን ይሥሩት። ንኡሱን ባለመጫንዎ የሚሸከሙት እንከን በይፋ የታወጀ ነው፤ አጥቂውም እንደ እርስዎ ማስታወቂያውን ያነባል። በመጫንዎ ሊገጥምዎት የሚችለው ግን ከስንት አንዴ የሚመጣ ነው፣ ቅጂ ሰርቨር ላይ አስቀድመው ቢሞክሩትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይታያል።

እንግዲህ ከአለቃዎ ጋር በሚከተለው ቢስማሙ ይሻላል። ንኡሱን በወጣ ሳምንት፣ ትናንት ከተቀመጠው ባክአፕ በተመለሰ ቅጂ ላይ ጭነው፣ የወሩን ሪፖርት አስወጥተው ካዩ በኋላ በዋናው ላይ ይጫኑ። ዐቢዩን ዲኤችአይኤስ 2 እደግፈዋለሁ እስኪል ድረስ፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለት ንኡስ እስኪወጣለት ይቆዩ፤ ነገር ግን የአሁኑ ቨርዥን ድጋፍ ከሚያበቃበት ቀን አንድ ዓመት በፊት ሥራውን ይጀምሩ። ሰርቨራችሁ ከ14.0 እስከ 14.3 ባሉት ላይ የሠራበት ጊዜ ካለና በዚያን ጊዜ ኢንዴክስ በአገልግሎት ላይ ሳለ ተሠርቶ ከሆነ፣ ወደ 14.4 ማለፋችሁ የተበላሸውን ኢንዴክስ አልጠገነውም። ፒጂ-አምቼክ የተባለውን መመርመሪያ፣ የሰንጠረዡ ረድፍ ሁሉ በኢንዴክሱ ውስጥ መኖሩን በሚያረጋግጠው አማራጭ አስኪዱት፤ ጉድለት ካሳየ ኢንዴክሱን እንደገና ይሥሩት።